የመልአኩ ካባ ምን ቀለም ነበረ? የአንዲስ የቅኝ ግዛት ዘመን ሥዕሎችን ቀለም መመርመር

ለሰባት ወራት የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ የቆየው ሥዕል ጠመንጃ የያዘ መልአክ ነበር። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። ባለ ላባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ዳንቴል ያለው ሰፊ እጅጌ ለብሶ፣ እንደ ዘመኑ መኳንንት ተውቦ ቆሟል። እንዲህ ያሉ ታጣቂ መላእክት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኩስኮና በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ፣ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚባሉት የአንዲስ አገሮች፣ በብዛት ይሣሉ ነበር። የዚህኛው ክንፎች ቀይ ናቸው፤ መቀነቱ አረንጓዴ፣ የልብሱ ጥለት በወርቅ የተዥጎረጎረ ነው። ካባው ግን ግራጫ ነው፤ ምድጃ ውስጥ የቀረ አመድ የመሰለ ግራጫ። ሌላውን ሁሉ እንዲህ ያስጌጠ ሠዓሊ ካባውን ስለ ምን አመድ አለበሰው? ጠዋት መብራቱን በከፈትኩ ቁጥር ይህን እጠይቅ ነበር።

ስፔን አንዲስን በገዛችበት ዘመን የተሠሩ ሥዕሎችን ቀለም መመርመር ሥራዬ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው መልአኩን ይዤ የሄድኩበትን መንገድ ነው፤ መንገዱ ለሌላውም ሸራ ያገለግላል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄውን አስቀድማችሁ ጻፉ

ጀማሪ መርማሪ መሣሪያውን ይዞ ይመጣና ሸራው ላይ መቶ ነጥብ ይለካል። ከሳምንት በኋላ መቶ ስፔክትረም (መሣሪያው ከየነጥቡ የሚያወጣው የጉብታዎች ግራፍ) ፊቱ ተደርድሮ የትኛው ለምን እንደተለካ ይጠፋዋል። እኔ መሣሪያ ሳልነካ ጥያቄዎቼን በአንድ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። ለመልአኩ የጻፍኳቸው ሦስት ነበሩ። ካባው ሲሣል ምን ቀለም ነበረ? የመቀነቱ አረንጓዴ የሠዓሊው ነው ወይስ በኋላ የመጣ ጠጋኝ ያኖረው? በሸራው ላይ ያለው ቀለም ሁሉ፣ ሥዕሉ ተሠራበት ከሚባለው ከ1700 ግድም ጋር ይስማማል ወይ?

ቀለሙ ከየት ሊመጣ ይችል እንደነበረም ማወቅ ያስፈልጋል። በፔሩ የሁዋንካቬሊካ ተራራ ስፔናውያን ከ1560ዎቹ ጀምሮ ባዜቃ ያወጡ ነበር። ባዜቃው የሚገኝበት ቀይ ማዕድን ሲናባር ይባላል፤ ተፈጭቶ ደማቅ ቀይ ቀለም ይወጣዋል፤ የአገሩ ሰው ስፔናውያን ከመምጣታቸው እጅግ ቀድሞ ያውቀዋል። ሌላው ቀይ፣ ኮቺኒል፣ የሚገኘው በለስ ላይ ተጣብቀው ከሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ ለአንድ ፓውንድ ደረቅ ኮቺኒል ወደ 70,000 የሚጠጉ ነፍሳት ይለቀማሉ። ኢንዲጎ ከቅጠል የሚወጣ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ተክሉ በአሜሪካ ምድርም ይበቅላል። ስማልት ግን የሩቅ እንግዳ ነው። ኮባልት ገብቶበት ሰማያዊ የሆነ መስታወት ሲፈጭ ስማልት ይሆናል፤ የኮባልቱ ዋና ምንጭ ደግሞ የጀርመን የሳክሶኒ ተራሮች ነበሩ። ዱቄቱ ከሴቪል፣ በኋላም ከካዲዝ በመርከብ ተጭኖ ፖርቶቤሎ ይወርዳል፤ የፓናማን ቀጭን ምድር ተሻግሮ እንደገና በመርከብ ወደ ካያኦ ወደብ ይሄዳል፤ ከሊማ በበቅሎ ጀርባ ተራራውን ወጥቶ ኩስኮ ይደርሳል። አንድ ቅንጣት ስማልት በማይክሮስኮፕ ባየሁ ቁጥር ያን ሁሉ መንገድ አስባለሁ።

በዚህ ሥራ እንድጸና ያደረገኝን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። የኩስኮ ሠዓሊዎች፣ አብዛኞቹ የአገሩ ተወላጆች፣ ለሥዕሎቻቸው መነሻ ያደረጉት ብዙ ጊዜ ከፍላንደርስ የመጡ የሕትመት ሥዕሎችን ነበር። ታላቁ ዲዬጎ ኪስፔ ቲቶ በ1681 ለኩስኮ ካቴድራል የሠራቸው የዞዲያክ ሥዕሎች የተነሡት ከአድሪያን ኮላርት ሕትመቶች ነው። ሕትመት ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። የእጅ አቀማመጡን፣ የልብሱን እጥፋት፣ የዛፉን ቅርጽ ይሰጣል፤ ቀለሙን አይሰጥም። ቀዩን ቀይ፣ ሰማያዊውን ሰማያዊ ያደረገው የአንዲሱ ሠዓሊ ራሱ ነው። «የአውሮፓን ሥዕል ገልባጮች» እየተባሉ ለተናቁ ሰዎች፣ ቀለም የራሳቸው ውሳኔ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ነው። ካባው ምን እንደነበረ ሳላውቅ ሥዕሉን መመለስ ያልሆነልኝ ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ማየት

ሥዕሉን ለሁለት ቀን በዓይን ብቻ እዩት። መብራቱን ከጎን፣ ከሸራው ጋር ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጉት፤ የቀለሙ ጉብታ፣ የተጠገነ ቀዳዳ፣ ከኋላ የተለጠፈ ጨርቅ ሁሉ ይወጣል። ከዚያ ክፍሉን አጨልማችሁ አልትራቫዮሌት መብራት አብሩ። ያረጀ የዛፍ ሙጫ ቫርኒሽ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ያበራል፤ ከቫርኒሹ በላይ የተቀባ የጥገና ቀለም ጥቁር ጉድፍ ሆኖ ይታያል። በመልአኩ ላይ አሥራ አራት ጉድፎች ቆጠርኩ። አንደኛው የካባው የታችኛው ጥለት አጠገብ ያለ፣ አውራ ጣት የሚያህል ጥገና ነበር። በተለመደው ብርሃን ስመለከተው በግራጫው ካባ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጧል። ከኔ በፊት ሥዕሉን ያየ ሰው በማስታወሻው «ከካባው ቀለም ጋር የማይገጥም ጥገና፤ ይነሣ» ብሎ ጽፎበታል። እኔም መጀመሪያ ላይ ተስማምቼ ነበር።

ቀጥሎ የኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ ነው። ማጣሪያው የወጣለት ተራ ዲጂታል ካሜራ 1000 ናኖሜትር ድረስ ያያል፤ ለመጀመሪያ ልየታ ይበቃል። ኢንዲጎና ስማልት በዚህ ብርሃን ይሳሳሉ፣ ገርጥተው ይታያሉ፤ አዙራይት የሚባለው የመዳብ ማዕድን ሰማያዊና ሰው ሠራሹ የፕሩሲያ ሰማያዊ ግን ጥቁር ሆነው ይቀራሉ። የመልአኩ ካባ በኢንፍራሬድ ነጣ። ትንሿ ሰማያዊ ጥገና ጠቆረች። ስለዚህ ሁለቱ የተለያዩ ቀለሞች ናቸው፤ ካባው ደግሞ በከሰል ጥቁርና በነጭ ቅልቅል የተሠራ ተራ ግራጫ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ከሰሉ ይጠቁር ነበር። አንድም ናሙና ሳይነሣ ይህን ያህል ታወቀ።

ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ፣ ከነወጥመዶቹ

አሁን ብዙ ሰው የሚቸኩልበት መሣሪያ ላይ ደረስን። ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ሸራውን ሳይነካ በነጥቡ ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ይናገራል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የኃይል ቦታ ላይ ጉብታ ያወጣል፤ ብረት በ6.40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ መዳብ በ8.05፣ ባዜቃ በ9.99። በ50 ኪሎ ቮልት፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ60 እስከ 120 ሰከንድ ስጡት። ጨረሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ እጅም ሰውም አይኑር፤ ከሸራው በስተጀርባ ያለውን ክፍልም አትርሱ።

ይህ መሣሪያ ንጥረ ነገር እንጂ ቀለም አያነብም። ከዚህም በላይ ጨረሩ ከላይኛው ቫርኒሽ እስከ ሸራው ጨርቅ ድረስ ያሉትን ንብርብሮች ሁሉ አንድ ላይ ያያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬት ምንጊዜም ቀለሙ ተፈንቅሎ መደቡ፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት ሸራው ላይ የተቀባው ንብርብር፣ ብቻ የሚታይበት ቦታ ይሁን። የመልአኩ መደብ ቀይ ቡናማ ሸክላ ነው፤ ብረትና ካልሲየም ሞልቶበታል። ያን ካወቅሁ በኋላ በሌላ ቦታ ብረት ባየሁ ቁጥር «ከመደቡ ይሆን?» ብዬ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ካባው። ስማልት ከሆነ ኮባልት መኖር አለበት። የኮባልት ጉብታ በ6.93 ነው፤ የብረት ሁለተኛ ጉብታ በ7.06። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 0.13 ብቻ ነው፤ የተለመዱት መሣሪያዎች ደግሞ ይህን ያህል የተቀራረቡ ጉብታዎችን አጥርተው አይለዩም። ብረት የሞላበት መደብ ሲኖር ትንሽ ኮባልት በብረቱ ትከሻ ሥር ትደበቃለች። መፍትሔው የብረቱን ሁለት ጉብታዎች ማነጻጸር ነው፤ በመደቡ ላይ ሁለተኛው ጉብታ ከመጀመሪያው ምን ያህሉ እንደሆነ ለኩ፣ በካባው ላይም ለኩ። በካባው ላይ ሁለተኛው ከሚገባው በላይ ካበጠ፣ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል ማለት ነው። ከዚያ የኮባልትን ጓደኞች ፈልጉ፤ የሳክሶኒ ኮባልት ብቻውን አይመጣም፣ ኒኬልና አርሰኒክ ይከተሉታል። ኒኬል በ7.48 ላይ በግልጽ ቆሞ አገኘሁት። ያን ቀን ከወንበሬ ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ።

አርሰኒኩ ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት በዝርዝር የምነግራችሁ እንዳትደግሙት ነው። የአርሰኒክ ዋና ጉብታ በ10.54 ይወጣል። የእርሳስ ዋና ጉብታ በ10.55 ይወጣል። ሁለቱን በዚያ ቦታ የሚለይ ዓይን የለም። በቅኝ ግዛት ዘመን ሥዕል ላይ ደግሞ ነጩ ሁሉ የእርሳስ ነጭ ስለሆነ እርሳስ የሌለበት ነጥብ ማግኘት ያዳግታል። አረንጓዴውን መቀነት ስለካ እርሳስና ብረት አየሁ፤ መዳብ አልነበረም። መዳብ ከሌለ ቨርዲግሪም ሆነ ሌላ የመዳብ አረንጓዴ አይደለም፤ ብረት ካለ አረንጓዴ ሸክላ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ በመዝገቤም ጻፍኩ። ብረቱ ከመደቡ እንደሚመጣ ገና ትናንት ራሴ ያስተማርኩት ነገር ነበር። የ10.5ን ጉብታ ደግሞ «እርሳስ» ብዬ አልፌው ነበር።

ትክክለኛው አሠራር ሁለተኛውን ጉብታ ማየት ነው፤ አርሰኒክ በ11.73፣ እርሳስ በ12.61። በ11.73 ላይ አንዳች ነገር ካለ ተጠንቀቁ፤ ግን ደግሞ የባዜቃ ሁለተኛ ጉብታ በ11.82 ስለሆነ በአጠገቡ ሲናባር ቀይ ካለ እንደገና ትታለላላችሁ። በ9.99 ባዜቃ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። አርሰኒክ መኖሩ ቢረጋገጥም ጉዳዩ አላለቀም፤ ኦርፒመንት የሚባለው የአርሰኒክና የድኝ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ከስማልቱ ጋር የመጣም ሊሆን ይችላል።

ለቢጫዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእርሳስና የቆርቆሮ ቢጫን በዝቅተኛው ኃይል ስትፈልጉ የቆርቆሮው 3.44 ከፖታሲየም 3.31 ጋር ይጋፋል፤ ወደ 25.27 ሂዱና በዚያ ፈልጉት። ይህ ቢጫ በአውሮፓ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከሥዕል ጠፍቶ፣ እንደገና የታወቀው በ1941 ነው። ስለዚህ ሲገኝ ደስ የሚያሰኝ ምስክር ነው።

ናሙና መውሰድ

ናሙና የሚነሣው ሳይነኩ የሚሠሩ መሣሪያዎች ያልመለሱት ጥያቄ ሲቀር ብቻ ነው፤ የባለቤቱና የቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድም ያስፈልጋል። ከፊት፣ ከእጅ፣ ከዓይን ፈጽሞ አይወሰድ። ቀድሞ የተፈነቀለ ቦታ ጠርዝ ፈልጉ። ማይክሮስኮፑን ከሸራው በላይ አድርጋችሁ፣ በአዲስ የቀዶ ሕክምና ምላጭ፣ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ቅንጣት እስከ መደቡ ድረስ ያለውን ይዛ እንድትነሣ አድርጉ። ከመውሰዳችሁ በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከግራና ከታች ጠርዝ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ጻፉ። ትንፋሻችሁን ያዙ፤ ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፣ ትንፋሽ ናሙናን ያበርራል። ከመልአኩ አምስት ናሙና ብቻ ወሰድኩ፤ ሁለት ከካባው፣ አንድ ከሰማያዊው ጥገና፣ አንድ ከመቀነቱ፣ አንድ ከክንፉ።

ንብርብሩን ለማየት ቅንጣቷ ግልጽ ሙጫ ውስጥ ትተከላለች፤ ሙጫው ሲደርቅ የንብርብሮቹ ጎን እስኪወጣ በማለስለሻ ጨርቅ፣ ከሻካራው ጀምሮ እስከ 12,000 ቁጥር ድረስ፣ ያለ ውኃ ይፈገፈጋል። ውኃ አንዳንድ ቀለሞችን ያሟሟል። ይህ የትዕግሥት ሥራ ነው፤ አንዴ አልፋችሁ ከፈገፈጋችሁ ናሙናው አለቀ።

የካባው ናሙና በ200 እጥፍ ሲታይ እንዲህ ነበር። ከታች ወፍራም ቀይ ቡናማ መደብ። በላዩ ቀጭን፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቅንጣቶቹ ሊለዩ የማይችሉ ንብርብር። ከዚያ ላይ ሰፊው ንብርብር፤ ጠርዛቸው እንደ ተሰበረ ጠርሙስ የተሳለ፣ ትልልቅ፣ ግልጽ ቅንጣቶች። ከላይ ያሉት ውኃ የመሰሉ፣ ቀለም አልባ ናቸው፤ ዙሪያቸውን የያዘው ዘይት ቢጫ ቡናማ ሆኗል። ዓይኔን ወደ ታች ሳወርድ፣ የእርሳስ ነጭ በብዛት ከተቀላቀለበት ቦታ፣ ሦስት ቅንጣቶች ቁጭ ብለዋል። ሰማያዊ ናቸው። ጥርት ያለ፣ የጠራ ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ።

የሆነው ነገር ይህ ነው። ስማልት ፖታሲየም ያለበት መስታወት ነው። በዘይት ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ፖታሲየሙ ቀስ እያለ ከመስታወቱ ይወጣና ከዘይቱ አሲድ ጋር ሳሙና ይሠራል። በመስታወቱ ውስጥ በአራት ኦክስጅን ተከቦ ሰማያዊ ይሰጥ የነበረው ኮባልት፣ ፖታሲየሙ ሲሄድ በስድስት ይከበባል፣ ቀለሙም ይጠፋል። የእርሳስ ነጭ በብዛት ባለበት ቦታ የዘይቱን አሲድ እርሳሱ ስለሚይዘው መስታወቱ በተሻለ ሁኔታ ይቆያል። ናሙናውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስናየው፣ ገርጥተው በቀሩት ቅንጣቶች ውስጥ ፖታሲየሙ ተሟጥጦ፣ በሦስቱ ሰማያዊዎች ውስጥ ግን በብዛት ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። ቀለም ተለውጧል ብላችሁ ስትጠረጥሩ ብዙ ሰው «ከክፈፉ ሥር ያለውን ጠርዝ እዩ፣ ብርሃን ስላልነካው አልተለወጠም» ይላችኋል። ለኮቺኒል ይህ ትክክል ነው፤ ኮቺኒልን የሚያደበዝዘው ብርሃን ነው። ለስማልት ግን አይሠራም። የስማልት ሕመም ከውስጥ ነው፤ ከክፈፍ ሥርም ይገረጣል። ስማልትን በእርሳስ ነጩ መካከል ፈልጉት።

ራማን

ራማን የሌዘር ብርሃን ቅንጣቷ ላይ ያሳርፍና የውሕዱን አሻራ ያነባል። ከኤክስሬዩ የሚለየው ንጥረ ነገሩን ሳይሆን ውሕዱን መናገሩ ነው። ቫርኒሹ በሌዘሩ ስለሚያበራ ንባቡን ይሸፍናል፤ ስለዚህ በናሙናው ጎን ላይ ወይም በተለየች ቅንጣት ላይ መለካት ይሻላል። የሌዘሩን ኃይል ከዝቅተኛው ጀምሩ፤ ኦርፒመንት ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ናሙና ደግሞ የሚናገረው ውሸት ነው።

የመቀነቱን ናሙና ያስገባሁት ስሕተቴን ገና ሳላውቅ ነበር። በ355 ትልቅ ጉብታ፣ አጠገቡም 310 እና 293 (የራማን ቁጥሮች የሚቆጠሩት በሴንቲሜትር የሞገድ ቁጥር ነው)፤ ይህ ኦርፒመንት ነው። ቀጥሎ በ1573፣ በ599 እና በ545 የኢንዲጎ ምልክቶች ወጡ። አረንጓዴው ሸክላ የሚባል ነገር በቦታው አልነበረም። ሠዓሊው የአርሰኒክ ቢጫን ከቅጠል ሰማያዊ ጋር አዋሕዶ አረንጓዴ ሠርቷል። መዝገቡን ከፍቼ የቀድሞውን ድምዳሜ በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ አልደለዝኩትም፣ ለምን እንደተሳሳትኩም በኅዳጉ ጻፍኩ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ራማንም የራሱ ወጥመድ አለው። ሲናባር በ253 ጉብታ ያወጣል፤ ኢንዲጎም በ253 ያወጣል። ያን ጉብታ ብቻ አይቶ «ሲናባር» የሚል አለ። የሲናባር ማረጋገጫ በ343 ያለው ነው፣ የኢንዲጎ በ1573። በካባው ናሙና ውስጥ ከስማልቱ ሥር ያለው ጥቁር ሰማያዊ ንብርብርም ኢንዲጎ ሆኖ ተገኘ። ከሩቅ የመጣውን ስማልት ከላይ፣ የአሜሪካን ምድር ኢንዲጎ ከሥር፤ እንዲህ ሲደረብ ስማልቱ ጥልቀት ያገኛል። ስማልት ራሱ መስታወት ስለሆነ በራማን ደካማ ነው፤ ከእርሱ ብዙ አትጠብቁ።

ሰማያዊዋ ጥገና በ2154 አካባቢ ጉብታ አወጣች። በዚያ ቦታ ከሞላ ጎደል ምንም ሌላ ቀለም አይናገርም፤ የፕሩሲያ ሰማያዊ ነው። በርሊን ውስጥ ከ1704 እስከ 1710 ባለው ጊዜ ተገኝቶ፣ አሠራሩ በ1724 ታትሞ የወጣ ቀለም ነው።

ራማን ለሌላችሁ ደግሞ፣ ከጥገናዋ የተነሣች አንዲት ቅንጣት ላይ ጠብታ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብታኖሩ የፕሩሲያ ሰማያዊ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ስማልትና ኢንዲጎ አይለወጡም። አዙራይት ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ማይክሮስኮፕና ሁለት ጠርሙስ ያለው ሰው ብዙ መሥራት ይችላል። ቅንጣቷ ግን ትጠፋለች፤ አስቡበት።

ቀዩ ክንፍ

ክንፉ በኤክስሬይ ባዜቃ ሰጠ፤ ሲናባር አለ። ዓይን ግን ሌላም ይላል፤ በላባዎቹ ጥላ ውስጥ ቀዩ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነብላል፤ ሲናባር ብቻውን እንዲያ አይሆንም። በናሙናው ጎን ከሲናባሩ በላይ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ሽፋን ታየ። እንዲህ ያለውን ሽፋን ኤክስሬይ አያየውም ማለት ይቻላል፤ ነፍሳቱ ያወጡት ቀለም የሚጣበቅበት አሉሚኒየም ጉብታው በ1.49 ስለሆነ በአየር ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

ሳይነኩ ለመፈተን የነጸብራቅ ስፔክትረም ውሰዱ፤ የኮቺኒል ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች በ520 እና በ560 ናኖሜትር አካባቢ ይወርዳሉ፤ ከተክል ሥር የሚወጣው ቀይ፣ ማደር፣ ግን ወደ አጭሩ ሞገድ ያዘነብላል። ቁርጡን የሚናገረው በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ (ውሕዶችን ነጣጥሎ በሚለይ ዘዴ) የሚገኘው የኮቺኒል ማቅለሚያ፣ ካርሚኒክ አሲድ ነው፤ እርሱ ግን ናሙናውን ይበላል። በክፈፉ ሥር የተሸሸገውን የክንፉን ጫፍ ሳየው፣ ከውጭ የምናየው ቀይ ከሠዓሊው ቀይ እጅግ የገረጣ መሆኑን ተረዳሁ።

ዘመንን መገመት

ቀለም ዘመን ይጠቁማል፣ በአንድ አቅጣጫ ግን። የፕሩሲያ ሰማያዊ ካለ ያ ንብርብር ከ1704 በፊት አይደለም። ሰው ሠራሽ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ካለ ከ1828 ወዲህ ነው። የቲታኒየም ነጭ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ምልክት ነው፤ ለሸራ ይህ ይሠራል። በአንዲስ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኬሮ የሚባሉት፣ በሙጫ ቀለም ያጌጡ የእንጨት ዋንጫዎች ላይ፣ በመጀመሪያው የቅኝ ግዛት ዘመን የተሠሩት ላይ ሳይቀር፣ ቲታኒየም ያለበት ነጭ ተገኝቷል። ለጊዜው የኋላ ጥገና ወይም ሐሰተኛ ሥራ ሊመስል ይችል ነበር። በኋላ በደቡብ ፔሩ ቲታኒየምና ሲሊካ አብረው የሚገኙበት የተፈጥሮ ነጭ ማዕድን መኖሩ ታውቆ ነገሩ ተፈታ። የአገሩን ድንጋይ ሳታውቁ በአውሮፓ ሠንጠረዥ ብቻ የአንዲስን ሥራ አትፍረዱ።

ዘገባውን መጻፍ

በዘገባዬ ሦስት ቃላት ብቻ እጠቀማለሁ። «ተረጋግጧል» የምለው ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ሲስማሙ ነው። «ይመስላል» አንድ ዘዴ ሲጠቁም። «አልተገኘም» ስል የለም ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ዘዴ፣ በዚህ ነጥብ አላየሁትም ማለቴ ነው። ያልተጠናቀቁ ናሙናዎች ቁጥራቸው ተጽፎባቸው በሣጥን ይቀመጡ፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ሸራውን እንደገና እንዳይቆርስ።

ለመልአኩ ካባ «ሰማያዊ፤ ስማልት በኢንዲጎ ላይ፤ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ወደ ትንሿ ጥገና ተመለስኩ። እርሳስ ነጭ አለባት፤ ዚንክም ቲታኒየምም አልተገኘባትም፤ ስለዚህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የተቀባች ትመስላለች። ያን ጊዜ ቀዳዳውን የሞላው ሰው በእጁ ያለውን ሰማያዊ የመረጠው፣ ዙሪያው ያለው ካባ ገና ሰማያዊ ሆኖ ስለታየው ይመስላል። ካባውን በቀለሙ ያየ የመጨረሻው ምስክር እርሱ ነው። «ይነሣ» የሚለውን ማስታወሻ «ባለበት ይቆይ» ብዬ ቀየርኩት፤ ምክንያቱንም በአንድ አንቀጽ ጻፍኩ፤ ሸራውም ጥገናዋን እንደያዘች ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።